ዕልባቱ

የእንጨት ሥራ ቤቱ ፎርማን «የመጋዙ ሽፋን መሰበሩን ማንም አልነገረኝም» አለ። መካኒኩ ደግሞ «ጽፌ በእጁ ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። የመጋዙ ሠራተኛ ቀኝ እጁን አጥቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ዛሬ ከሁለቱ አንዱ ይባረራል።

መካኒኩ የዋሸ አልመሰለውም፤ ወረቀቱን መስጠቱን እንደ ስሙ እርግጠኛ ነበር።

ጠዋት ሚስቱ ቁርስ እያቀረበች፣ «ከመሄድህ በፊት እስቲ አንብብ። በየቀኑ አነባለሁ ብለህ ለእግዜር ቃል የገባህበት መጽሐፍ እኮ አቧራ ለበሰ» አለችው።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አንቺ ደግሞ! እሱ ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ የምወለውለው እኔ ነኝ።»

አፏን ለማስያዝ ብሎ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ። ያቆመበት ገጽ ላይ የታጠፈ ወረቀት ተሸጉጧል። ሲዘረጋው የገዛ እጅ ጽሑፉን አየ፦ «ሽፋኑ ተሰብሯል፤ በመጋዙ እንዳይሠራ።» ከተጻፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ያን ዕለት ከኪሱ አውጥቶ ዕልባት ያደረገው ራሱ ነበር፤ ነገ ሳነብ አገኘውና ለፎርማኑ እሰጠዋለሁ ብሎ። በማግስቱ አላነበበም። ከዚያም ወዲህ አላነበበም።

የሠራተኛው የተቆረጠ እጅ በዓይነ ሕሊናው ድቅን አለበት።

ሚስቱ በትከሻው በኩል አንብባ ፊቷ አመድ መሰለ። «ልጆቻችንን አስብ እንጂ» አለች በሹክሹክታ። «ያየን ሰው የለም።»

«እሱማ ያውቃል ብለሽኝ የለ?» አለና ተነሣ። «ፎርማኑ እውነቱን ነው። ወረቀቱን ይዤ ሄጄ፣ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።»