በየስልኩ የተቆጠረ ሰዓት

ልብስ ሰፊው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሚስቱን ተደግፎ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ሸሚዙ በላብ ርሷል። «ሲስተር፣ የስፌት መኪናዬን ደረቴ ላይ የጫነብኝ ማነው?» አለኝ፤ ቀልዱ ነው። የልቡን ምርመራ ወረቀት ሳየው ክው አልኩ። የልቡ ደም ስር ተዘግቷል።

ደንቡ ግልጽ ነው። ትልቁ ሆስፒታል ሰውየው እኛ ጋ ከገባ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደም ስሩን መክፈት ከቻለ ይላካል። ካልቻለ የረጋውን ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት እዚሁ፣ ወዲያው እንወጋዋለን። መድኃኒቱ አጠገቤ ነበር፤ ምን እንደሚሠራ ለሚስቱም ነግሬያታለሁ።

ወጣቱ ዶክተራችን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ደወለ። «መኪና እየላኩልን ነው፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ይከፈትለታል አሉ። እዚያ ይሻለዋል፤ እንጠብቅ።»

እውነቱን ነው፣ ይሻለው ነበር። አራት ሰዓት ሆነ፤ መኪና የለም። እንደገና ደወለ።

«አሁን ወጣ አሉ። ከአሁን ጀምሮ አንድ ሰዓት ተኩል። ከሁለት ሰዓት በታች ስለሆነ እንጠብቅ።»

አራት ተኩል ላይ ሦስተኛ ስልክ፤ ያው መልስ፣ ያው «እንጠብቅ»። ያኔ ነቃሁ። ለካ ሰዓቱን በየስልኩ እንደ አዲስ እየጀመርነው ኖሯል! «ዶክተር፣ ከሦስት ሰዓት ቁጠር እንጂ!» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት በሽተኛ ፊት አረምሽኝ ብሎ ጮኾብኛል፤ እስቲ ዛሬ ራሱ ይወጣው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አስራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ሴትዮ፣ ከአንድ ፍሬ ልጅ ጋር እልህ ተጋባሁ! እኔን ብሎ ነርስ።

ልብስ ሰፊው መቀለዱን ተወ። ሚስቱን «እጄን ያዥኝ» አላት። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ልቡ ቆመ። ደረቱን በየተራ ተጫንን፣ በኤሌክትሪክ ሞከርን፤ አልተመለሰም። መኪናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዛ አመሰገነችኝ። እኔን! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እህቴ፣ ያ መድኃኒት እንኳ አላዳነውም ማለት ነው?»

«አልተሰጠውም።»

«ለምን?»

ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። እሱ እስካሁን አልገባውም፤ እኔ ግን ገብቶኛል።

«መኪናው ስለዘገየ ነው» አልኳት።