በኪስ የሚዞር ማኅተም

እስቲ ልጠይቅህ አንባቢ፤ ባዕድ መንግሥት «ተማሪ፣ እኔ እከፍልልሻለሁ» ያላትን ልጅ፣ የገዛ ትምህርት ቤቷ አንዲት ማኅተም የሚነፍጋት በምን አንጀቱ ነው?

ኮከብ ይህን እያብሰለሰለች የጓሳን ዳገት ትወጣለች፤ የልጇን ውጤት በፌስታል ጠቅልላ ጉያዋ ሸጉጣለች። ጠዋት በስልክ የሰማችው ጩኸት አሁንም ጆሮዋ ውስጥ ይዘላል።

«እማዬ! ፈቀዱልኝ! መንግሥት ሊያስተምረኝ ነው!»

«የቱ መንግሥት?»

«የዚህ አገር ነዋ! የዩኒቨርሲቲውን ክፍያ፣ መጽሐፉን፣ አውቶቡሱን ሳይቀር!»

«የመኖሪያ ወረቀት ገና ነው ስትዪኝ አልነበር?»

«ገና ነው። ጥገኝነት ጠይቀን ለምንጠባበቀውም ይሰጣል። ነርስ ልሆን ነው፣ እማዬ! የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን ማኅተም አስመትተሽ፣ በፎቶ አስልኪልኝ። እስከ ዛሬ ማታ ካልደረሰ ቦታዬ ለሌላ ነው።»

ኮከብ እልል ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዋጠችው። ጎረቤት «ምን ተገኘ?» ቢላት ምን ትላለች? ለሰው ሁሉ የነገረችው «ልጄ ማዕረግ ለሥራ ሄደች» ብላ ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ በረረች። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አትማ ሰጠቻት፤ ማኅተሙ ግን የለም። ርእሰ መምህሩ አቶ መኳንንት ሰው ስለማያምኑ በኮታቸው ኪስ ይዘውት ይዞራሉ። ዛሬ ደግሞ እሳቸውም ቤት የሚከድኑበት ሣር ፈልገው አገሬው በጋራ ወደሚጠብቀው የሣር መሬት፣ ወደ ጓሳ ወጥተዋል፤ ሕዝቡ የማጨጃውን ቀን የሚቆርጠው ዛሬ ነውና።

ሜዳው ላይ ስትደርስ ጎረቤቷ አወቀ ሳቀባት። «ኮከብ፣ ሣሩን በፌስታል ልትወስጂው ነው?»

«ከሣርህ የሚበልጥ ይዣለሁ!»

አቶ መኳንንትን ከዳር አገኘቻቸው።

«ማኅተሙን ብቻ፣ የኔታ።»

«ማዕረግ ጥገኝነት መጠየቋን ሰምቻለሁ። ጥገኝነት የሚጠየቀው አገሬ ገፋኝ ተብሎ ነው። ስማችንን ላጠፋች ማኅተም አልመታም።»

«ውጤቷ ውሸት ነው?»

አቶ መኳንንት መሬት መሬቱን አዩ። «ውጤቷማ… አንደኛ ነበረች።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይልቅ ‹ለሥራ ሄደች› ያሉትን እኔም ዝም ብዬልዎታለሁ። ይተዉኝ።»

ኮከብ ትታቸው ወደ ሕዝቡ ዞረች። በመሃል የጓሳው ዳኛ አያ ጫኔ ዘንጋቸውን ተክለው ቆመዋል። የጓሳ ደንብ ይታወቃል፤ ቀን ከመቆረጡ በፊት የተበደለ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፣ የተከሰሰም ቆሞ ይመልሳል። እስኪመልስ ማንም ማጭድ አያነሳም። ክሱ ሁልጊዜ በስውር ስለገባ ከብት ነው፤ በማኅተም የተከሰሰ የለም።

«የተበደለ አለ?» አሉ አያ ጫኔ።

«የተበደለ አለ?»

ኮከብ ፌስታሉን ጨበጠችው። ከተናገረች ምስጢሯ የገበያ ወሬ ነው። ዝም ካለች ማዕረግ ነርስ አይደለችም።

«ለሦስተኛ ጊዜ፤ የተበደለ አለ?»

ከጠዋት ጀምሮ የዋጠችው እልልታ አመለጣት። ሜዳው ሁሉ ዞረ።

«እኔ አለሁ! ልጄ ለሥራ አልሄደችም፤ ጥገኝነት ጠያቂ ናት! የማያውቃት መንግሥት ሊያስተምራት እጁን ዘርግቷል፤ ያስተማራት ሰው ግን ማኅተሟን ኪሱ ውስጥ ቀብሮባታል!» ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ወደ ዳር ጠቆመች። «አቶ መኳንንት፣ ይነሡ! ለምን እንደከለከሏት ለዚህ ሕዝብ ይመልሱ!»