በመስታወቱ ላይ የቀረው ትንፋሽ

ፉሚኤ መስኮቱን የከፈተችው ልጇ እንዳትሞትባት ብላ ነው።

በጃፓኗ ሺዙኦካ የሰኔው ዝናብ ከገባ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። ቺጉሳ ጠዋት የክፍሏን በርና መስኮት ጠርቅማ፣ እርጥበት የሚመጠውን ማሽን አስነስታ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጠውን የጠፈር ወታደር የራስ ቁር የመጨረሻ ቫርኒሹን ረጨችው። "እማዬ፣ እስኪደርቅ እንዳትገቢ" ብላ ጭምብሏን አውልቃ ልትታጠብ ሄደች።

የቲነሩ ሽታ ግን በበሩ ስር ሾልኮ ወጥ ቤት ደረሰ። ፉሚኤ ሳል ስትሰማ ሳንባ፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ የሚታያት ሴት ናት። ልጇ ያንን ሬዚን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ በውሃ እያራሰች በብርጭቆ ወረቀት ስትሞርድ፣ ባለ ሦስት ፀጉር ብሩሽ ይዛ ስትቀባ ሰባት ወር ሙሉ "ይሄ ነገር አንድ ቀን ይደፋታል" ስትል ከርማለች። ገባችና መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ጥቂት ደቂቃ አልቆየም። የጠቆረው የራስ ቁር አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነጣ።

"እማዬ! ምን አደረግሽ?" ቺጉሳ ፎጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ክው ብላ ቀረች።

"አየር እንዲገባ ነዋ! ታፍነሽ..."

"በዝናብ ወር መስኮት ይከፈታል? ቫርኒሹ እኮ እርጥበቱን ጠጣው!"

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ፉሚኤ የፈራችው ሌላ፣ የደረሰው ሌላ ሆነባት። መምህር ሞሪዋኪ እነዚህን የጠፈር ወታደር የራስ ቁሮች አርባ ዓመት በእጁ ቀርጾ፣ በሬዚን አውጥቶ፣ ራሱ ሲቀባ የኖረ ሽማግሌ ነው። ዘንድሮ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በእሱ ቦታ የሚቀባ ሰው ሊመርጥ ለሦስት ሰዎች አንድ አንድ ሰጣቸው፤ የሚያይላቸው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው። ቺጉሳ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

"ቁጭ በይ፤ እንዳትንቀሳቀሺ" አለች ቺጉሳ መስኮቱን እየዘጋች። እርጥበቱ እንዲወጣ ቆይቶ የሚደርቅ ቲነር ብቻውን በቀለም መርጫው ሞልታ፣ ከሩቅ እንደ ጤዛ አርከፈከፈችበት።

ፉሚኤ በመብራቱ ማጉያ መስታወት ሥር ያን ነገር ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ነጩ ከአናቱ ጀምሮ ቀለጠ። ጥቁሩ ተመለሰ፤ በጥቁሩ ውስጥ ሰማያዊ፣ በሰማያዊው ውስጥ የከዋክብት ብናኝ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ጠርዙ ላይ ቀለሙ በእጅ ብዛት ተልጦ ብረቱ የወጣ ይመስላል፤ ብረት ግን የለም፣ እሱም ቀለም ነው። ጎኑ ላይ ከሽፋሽፍት የቀጠነ ጽሑፍ አለ፤ የሰው ስም። ሰማይ የሚያክል ነገር በጥፍር ላይ ተቀምጦ ያየች መሰላት።

"ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"የለም፣ ጎረቤት ነው" አለች ቺጉሳ ቁጣዋ ገና ሳይበርድ።

"እኔ እኮ አሻንጉሊት መስሎኝ..."

ነጩ ጠፍቶ ጠፍቶ ከራስ ቁሩ የፊት መስታወት ግርጌ የጨረቃ ቅርጽ ያላት ጉም ብቻ ቀረች። ቺጉሳ መርጫውን አነሳች።

"ቆይ! አትንኪያት። ውስጡ ሰው አለ።"

"ባዶ ነው እማዬ።"

"ይተነፍሳል። ይቺ ትንፋሹ ናት።"

"ሞቷል እኮ! መስታወቱ ላይ ያለው ስንጥቅ አይታይሽም? አየር አልቆበት ሞተ ብዬ ነው የቀባሁት።"

"ሰባት ወር ሙሉ ሬሳ ነው ስትቀቢ የከረምሽው?"

ቺጉሳ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ በማጉያው ሥር ጉሟን አስተውላ አየቻት። ካጠፋቻት ሥራው እንከን አይወጣለትም፤ ከተወቻት ደግሞ መምህሩ ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ነው ብሎ ሊመልሳት ይችላል። መርጫውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

ወደ መምህሩ ሲሄዱ የራስ ቁሩ ያለበትን ሳጥን ባቡር ላይ በሁለት እጇ ጭኗ ላይ ይዛ የሄደችው ፉሚኤ ናት። እያንዳንዱ ድልድይ ላይ ባቡሩ ሲገለበጥ ታያት።

ሽማግሌው በሚንቀጠቀጥ ጣቱ የራስ ቁሩን መብራት ስር አዞረው። ጉሟ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄ ዝናቡ ነው" አለ።

ቺጉሳ ጎንበስ አለች። "አዎ መምህር። ማጥፋት እችል ነበር፤ ተውኩት።"

ሽማግሌው የራስ ቁሩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ እንደገና አስጠጋው፤ እጁ ምን እንደነካው እንጃ፣ ለአፍታ መንቀጥቀጡን ተወ።

"ለመሆኑ ይሄ ሰው ይተርፋል?" አለ በሹክሹክታ።

ቺጉሳ ወደ እናቷ ዞረች። ፉሚኤ በዕድሜዋ እንዲህ ላለ ጥያቄ ደግ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

"ይተርፋል" አለች።

ሽማግሌው ቀለም ያልነካቸው ሃያ የራስ ቁሮች የተደረደሩበትን ሳጥን በምንጣፉ ላይ ወደ ቺጉሳ ገፋ። "እንግዲያው የእነዚህም ነገር በእጅሽ ነው።"

ሃያ! ፉሚኤ ስለ ሽታው ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ መልሳ ዘጋችው።