ሦስት ለባዶ

በዚያ እሑድ የከተማው ቡድን አጥቢያ ኮከብ ሦስት ለባዶ እየመራ ለዕረፍት ሲወጣ፣ ፋሲካ ከተቀመጠችበት የድንጋይ እርከን ብድግ ብላ የአባቷን ግንባር ሳመች። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች፤ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቃት በዝምታዋ ነው። ኳስ ሜዳ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ጋቢዬን ጣልሽው» አሉ አባቷ አቶ ዘውዱ እየሳቁ።

«አባዬ፣ ሦስት እኮ ነው! ሰሙ? ሦስት!»

«ሰምቻለሁ። የሦስተኛዋ ጩኸት ጆሮዬን ደፍኖታል።»

አቶ ዘውዱ ጨዋታ የሚከታተሉት በጆሯቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ግንበኛ ነበሩ፤ ከአራት ዓመት ወዲህ የዓይናቸው ነርቭ ደክሞ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያዩም። ፋሲካ ኩዌት ሰው ቤት በሠራችባቸው ዘጠኝ ዓመታት፣ እሑድ እሑድ ከሜዳው ዳር ቆመው ስልክ የሚደውሉላትና ጨዋታውን የሚነግሯት እሳቸው ነበሩ። እሷ ስልኩን ሻሿ ሥር ሸጉጣ፣ ሳህን እያጠበች ትሰማ ነበር። ተመልሳ ስትመጣ ተራው የእሷ ሆነ። ከጎናቸው ተቀምጣ ኳሷ ከማን ወደ ማን እንደሄደች፣ ማን እንደወደቀ፣ ዳኛው ምን እንዳለ ትነግራቸዋለች።

ጨዋታው የዞኑ ሻምፒዮና ፍጻሜ ነበር። ያሸነፈ ባሕር ዳር ሄዶ ከሌሎች ዞኖች አሸናፊዎች ጋር ይጋጠማል። አጥቢያ ኮከብ ከተመሠረተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለፍጻሜ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። ተጋጣሚው የሐሙሲት ከተማ ቡድን ነው። ደጋፊዎቹ በሦስት ሚኒባስ ተጭነው መጥተው ነበር፤ ሦስተኛዋ ጎል ስትገባ ግማሾቹ ተነሥተው ወደ ሚኒባሶቹ ማዝገም ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጎሎች ያገባው ታሪኩ ነው፤ ዘጠኝ ቁጥር የሚለብስ፣ ቀጭን፣ ሲሮጥ መሬት የማይረግጥ የሚመስል የሃያ ዓመት ወጣት። ሦስተኛዋ ከማዕዘን ምት ተሻግራ በግንባር ተገጨች።

ዕረፍት ላይ ፋሲካ አንድ ደስ የማይል ነገር አየች። በረኛው ምስጋና ከጓደኞቹ ጋር ገብቶ አላረፈም። ከጎሉ ጀርባ ቆሞ ከደጋፊዎች ጋር ፎቶ ይነሣል። ሁለት ተከላካዮችም መጥተው ተጨመሩ። በሞንታርቦ የሚለፈልፈው ሰውዬ «ባሕር ዳር፣ መጣንልሽ!» ብሎ ሙዚቃ ለቀቀ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሏት አባቷ።

«ምንም። ፎቶ ይነሣሉ።»

«ሳይጨርሱ?»

«ሳይጨርሱ።»

አቶ ዘውዱ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ በርትቶ ነበር። አሁን ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበለው አጥቢያ ኮከብ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል እንደተጫወቱ አንድ የሐሙሲት ተጫዋች ከመሐል ሜዳ አካባቢ ኳሷን ዝም ብሎ ለጋት። ምስጋና ከጎሉ ርቆ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ደጋፊው አዙሮ በእጁ ሰላም ይላል። ዞር ሲል ኳሷ ከራሱ በላይ አልፋለች። ሮጠ፤ ተንሸራተተ፤ ኳሷ ከእሱ ቀድማ መረቡ ውስጥ ገባች።

«ምን ሆነ?» አሉ አቶ ዘውዱ።

«አገቡብን።»

«ከየት ተነሥተው?»

«ከመሐል ሜዳ።»

«ከመሐል ሜዳ? በረኛው የት ሄዶ?»

ፋሲካ ጥርሷን ነከሰች። «ሰው ሰላም እያለ ነበር። ምንም አይደለም፣ ሦስት ለአንድ ነው።»

ምንም አይደለም ያለችው ለራሷም ጭምር ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን የመስመር ዳኛው የተቀያሪውን ቁጥር ሲያሳይ ዓይኗን ማመን አቃታት። የሚወጣው ዘጠኝ ቁጥር ነው። ታሪኩ! የሚገባው ደግሞ ሌላ ተከላካይ ነው። አሰልጣኙ ጋሼ እሸቴ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ መሬት መሬት እያዩ ቆመዋል። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የስፖርት መምህር ናቸው፤ ቡድኑንም የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። በከተማው ከእኩዮቻቸው በቀር አንቱ የማይላቸው ሰው የለም።

ታሪኩ እያጨበጨበ፣ ለሕዝቡ እጅ እየነሣ ቀስ ብሎ ወጣ። ሕዝቡም አጨበጨበለት። ፋሲካ አላጨበጨበችም።

«ጋሼ እሸቴ! ኧረ ምን እያደረጉ ነው?» ብላ ጮኸች። በነፋሱ ውስጥ ማንም አልሰማትም።

«ማንን አስወጣ?» አሉ አባቷ።

«ታሪኩን። ተከላካይ አስገቡ። አምስት ተከላካይ ሆኑ!»

«ሊያስጠብቅ ነዋ» አሉ አቶ ዘውዱ፤ ድምፃቸው ግን እርግጠኛ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የተጫወተው አንድ ቡድን ብቻ ነው። ሐሙሲቶች ከፊታቸው የሚያስፈራቸው አጥቂ ስለሌለ ሁሉም ወደፊት መጡ። የአጥቢያ ኮከብ ልጆች ደግሞ ኳስ ባገኙ ቁጥር ከባሕር ዛፉ አጥር ውጭ ይጠልዟታል። ኳሷ እስክትመጣ ይቆማሉ፤ ስትመጣ ደግሞ ውርወራውን ማን ይወርውር ብለው ይማከራሉ። ምስጋና ሦስት ጊዜ ሳይነካ ወደቀ። በሦስተኛው ቃሬዛ መጣለት፤ ቃሬዛውን ሲያይ ተነሣ። ዳኛው በየጊዜው ሰዓቱን እያየ አንገቱን ይነቀንቃል።

«ተጫወቱ እንጂ!» አለች ፋሲካ። «ምን ሆናችሁ? ተጫወቱ!»

ከፊቷ የተቀመጠ ሰውዬ ዞር ብሎ «ሰዓት እየገደሉ ነው፣ ብልሃት ነው» አላት።

«ብልሃት አይደለም፣ ፍርሃት ነው!»

ሁለተኛዋ ጎል የገባችው ሰውዬው ፊቱን ሳይመልስ ነው። ከቀኝ መስመር የተሻገረች ኳስ ከአምስቱ ተከላካዮች መሐል አልፋ የሐሙሲቱን ዐሥር ቁጥር እግር አገኘች። አምስቱም እርስ በርስ ጣት ተቀሳሰሩ። ሞንታርቦው ጸጥ አለ። ወደ ሚኒባስ የሄዱት የሐሙሲት ደጋፊዎች እየሮጡ ሲመለሱ ታዩ።

ጨዋታው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ሦስተኛዋ ገባች። ምስጋና በእጁ ይዟት ነበር። ይዟት ነበር! ጊዜ ለማባከን መሬት ላይ ሊያንከባልላት ሲል ከእጁ አመለጠችና አንድ አጭር የሐሙሲት ልጅ በጫማው ጫፍ ነክቶ አስገባት።

ፋሲካ ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ይጠብቃሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ ሽንፈቱንም ድሉንም ሳይሸሽጉ የነገሯት ሰው ናቸው፤ እሷ ግን በዚያች ሰዓት አፏ እምቢ አላት።

«ኦፍሳይድ ነው» አለች። «አልጸደቀም።»

አቶ ዘውዱ ትንሽ አዳመጡ። ከሜዳው ማዶ ጭፈራ ይሰማል።

«ታዲያ ሐሙሲቶች ለምን ይጨፍራሉ?»

ፋሲካ የጋቢያቸውን ጫፍ አስተካከለችላቸው።

«ስንት ለስንት ሆነ፣ ልጄ?»

«ሦስት እኩል።»

«እንዲያ በይኝ እንጂ» አሉና የእጇን አንጓ ያዝ አደረጉ።

መደበኛው ሰዓት ሲያልቅ ዳኛው ዘጠኝ ደቂቃ ጨመረ። ሜዳው ሁሉ ጮኸበት። ፋሲካ ግን ዘጠኙም ደቂቃ ከየት እንደመጣ ታውቃለች፤ አንድ በአንድ አይታዋለች፤ ቃሬዛው፣ ውርወራው፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ የገባችው ኳስ። ራሳቸው ያጠራቀሙት ነው። በሰባተኛው ደቂቃ ሐሙሲቶች አራተኛዋን አገቡ። እንዴት እንደገባች ለአባቷ አልነገረችም፤ አቶ ዘውዱም አልጠየቁም።

ፊሽካው እንደተነፋ ፋሲካ እርከኑን በሩጫ ወርዳ ገመዱን ተሻገረች። ተጫዋቾቹ መሬት ላይ ተዘርረዋል። ጋሼ እሸቴ ውኃ የያዘ ጀሪካን አንሥተው ሊሄዱ ሲሉ ፊታቸው ቆመች።

«ለምን አወጣኸው?»

በዙሪያቸው የነበረው ሰው ዞር አለ።

«እጠይቅሃለሁ! ታሪኩን ለምን አወጣኸው? ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅነውን በሠላሳ ደቂቃ በላኸው! ፈሪ ነህ! አንተ ፈሪ!»

ጋሼ እሸቴ አላዩዋትም። «ውሳኔው የኔ ነው» አሉ። «ጥፋቱም የኔ ነው።» ጀሪካኑን ይዘው ሄዱ።

አባትና ልጅ ተያይዘው ቤታቸው ገቡ። አቶ ዘውዱ መደቡ ላይ ዐረፍ ካሉ በኋላ ነው የተናገሩት።

«ድምፅሽ እኔ ጋ ድረስ መጥቷል። መቆጣቱስ ይሁን፤ እኔም ልቤ አሯል። 'አንተ' ያልሽው ግን ምን ሆነሽ ነው? እሸቴ እኩያዬ ነው። ነገ እኔንም አንተ ልትዪኝ ነው?»

«ይገባው ነበር» አለች።

«ይገባው ነበር» ብለው ደገሙት አቶ ዘውዱ።

ሰኞ ሱቋ ውስጥ አንድ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች፤ ፈታችው፤ እንደገና ገልብጣ ሰፋችው። የመጣ ደንበኛ ሁሉ የሚያወራው ያንኑ ነው። ወርቅዬ የምትባል ከገሳይ ከተማ የመጣች ሴት ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ «እኛ ጋ እኮ በዕረፍት ሰዓት አሸነፉ ተብሎ ተወርቶ ነበር» ስትላት፣ ፋሲካ ቀሚሱን ሳትተኩስ አጣጥፋ ሰጠቻት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ታሪኩ መጣ። የስፖርት ቦርሳው ዚፕ ተበላሽቶበታል። በሩ ላይ ቆሞ ለመግባት ያመነታል።

«ግባ እንጂ። ለመቼ ነው?»

«ለዛሬ። ነገ በጠዋት ባሕር ዳር እሄዳለሁ። አንድ ክለብ ለሙከራ ጠርቶኛል።»

«እሰይ» አለች ፋሲካ፤ ከልቧ ነበር። «ቢያንስ አንድ ሰው ይሄዳል። እኚያ ሰውዬ ባያስወጡህ ሁላችሁም ትሄዱ ነበር።»

ታሪኩ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት አየ። ፋሲካ ዚፑን ነቅላ ሌላ ስትፈልግ ድንገት ተናገረ።

«እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ ልውጣ ያልኩት።»

እጇ ቆመ።

«ሦስት ለአንድ ነበርን። አልቋል ብዬ ነው። ያ የሐሙሲት ተከላካይ ሁለቴ እግሬ ላይ ገብቶብኝ ነበር፤ ረቡዕ ደግሞ ሙከራ አለብኝ። ብሰበርስ ብዬ ፈራሁ። ታፋዬን ይዞኛል አልኳቸው።»

«ይዞህ ነበር?»

«አልያዘኝም።» ጣቶቹን አፋተገ። «ያልሻቸውን ሁሉ ሰምቻለሁ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተናገሩም።»

ስድብ ፋሲካ አፍ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የተሸበረ ፊቱን አይታ ተወችው። ዚፑን ሰፋችለት፤ መርፌው ሁለት ጊዜ ተሰበረ። ሲወጣ «እዚያ ግን ልውጣ እንዳትል» አለችው። ከሄደ በኋላ እልኋ ይባስ ብሎ ጨመረ። እስከዚያ ድረስ የምትቆጣው በአንድ ሰው ላይ ነበር፤ አሁን ያንን አንድ ሰውም አጣች።

አሥር ሰዓት ላይ ለአባቷ ደውላ ነገረችና ሱቋን ዘግታ ጋሼ እሸቴ ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ሄደች። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ኳስ ይነፋሉ። ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ታሪኩ ነግሮኛል። እሑድ አንቱን የማይገባዎ ቃል ተናግሬያለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ለምን ነገረሽ?» አሉ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ታፋው ምንም እንዳልሆነ ገና ዓይኑን ሳየው አውቄያለሁ። ልጁ ዕድል አገኘ፤ ሰበብ ሆኜ ባሰብረውስ? ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አልቋል ብዬ ነበር። ልጆቹን ፎቶ ተነሣችሁ ብዬ ልቆጣ አልችልም። እኔም በሐሳቤ ባሕር ዳር ገብቼ ነበር።»

«ይቅር ብለውኛል?»

«ብዬሻለሁ፣ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ፋሲካ መነሣት ነበረባት፤ አልቻለችም።

«ጋሼ፣ እሺ ታሪኩስ ይውጣ። በእሱ ቦታ ተከላካይ ያስገቡት ለምንድን ነው? ካሴ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ! አጥቂ እያለ!»

ጋሼ እሸቴ የኳስ መንፊያውን መሬት ላይ አኖሩት። «ነፋሱን አላየሽም? ካሴ ኳሷን ከየት ያገኛታል?»

«ባያገኛትም ሁለት ተከላካያቸውን ይዞ ይቆም ነበር!»

«ካሴ? ካሴ ራሱን አይዝም!»

ጠጠር ለቅመው መሬት ላይ ደረደሩ፤ አምስት ከኋላ፣ አምስት ከመሐል። ፋሲካ አንዱን አንሥታ ወደፊት ወሰደችው፤ እሳቸው መለሱት። ተማሪዎች ከግቢው እስኪወጡ ተከራከሩ፤ አንዳቸውም አልተረቱም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ኮቴዋን ሰምተው ቀና አሉ።

«እሸቴ ይቅር አለሽ?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ ለምንድን ነው በሩን እንዲህ የወረወርሽው?»

«ካሴን አላስገቡትማ! ካሴ ቢገባ ኖሮ...»

«ካሴ በዚያ ነፋስ ምን ሊሠራ?» አሉ አቶ ዘውዱ።

ፋሲካ ነጠላዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አንቱም ደግሞ! ይቆዩ፣ ይስሙኝ።»