ፍሬዘር ከተዘጋው ባሕር የለቀመው

ፍሬዘር የማያውቀው ነገር አልነበረም። ሥራው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቤት ማሻሻጥ ነው፤ አፉ ግን በሙያው አይወሰንም። ስለ ልብ ከልብ ሐኪም፣ ስለ ቀኖና ከቄስ፣ ስለ ጣሪያ ከጣሪያ ሠሪው አብልጦ ይናገራል። ሰሞኑን ደግሞ ባሕር ገብቶበት ነበር። ኦይስተር፣ ክላም፣ መስል የሚባሉትን ዛጎል ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት እየበላ ራሱን በስልኩ ይቀርጻል፤ «ሐበሻ ከሥጋ ሌላ ምግብ አያውቅም» እያለም ለተከታዮቹ ይሰብካል።

የሚስቱ ታላቅ እህት የወይንሐረግ እነዚሁኑ ፍጥረታት በመመርመር ነው ፀጉሯ የሸበተው። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ ላቦራቶሪ ትሠራለች። ባሕር ላይ ዋቅላሚ የሚባሉ፣ ዓይን የማያያቸው ዕፅ መሰል ፍጥረታት ይራባሉ፤ አንዳንዶቹ ነርቭ የሚያደነዝዝ መርዝ አላቸው። መስል ውሃውን እያጠለለ እነሱን ሲበላ መርዙን በሥጋው ያጠራቅማል፤ እሱን ምንም አያደርገውም፣ የሚጎዳው የሚበላውን ሰው ነው። ስለዚህ የጠረፍ ሠራተኞች በየሳምንቱ ከድንጋይ ላይ መስል እየላጡ ይልካሉ፤ እነ የወይንሐረግ ሥጋውን ፈጭተው፣ በአሲድ አፍልተው ይለኩታል። መርዙ ከልክ ካለፈ ባሕሩ ለለቀማ ይዘጋል። ይህን ሁሉ ለፍሬዘር አንድ ጊዜ ልታስረዳው ሞክራ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት «የቀንድ አውጣ ሐኪም» እያለ ይጠራታል።

እሷም ለእሱ ያወጣችለት ስም ነበራት፤ ለእህቷ ለሰርካለም ስትል አልተነፈሰችውም እንጂ። እውነቱን ለመናገር ሰርካለምንም ከንቀቷ አላተረፈቻትም። ያቺ በልጅነቷ አስተማሪ የምትሞግት ልጅ፣ ካገባች ወዲህ ባሏ ሲያወራ ጨው ማቀበል ሆነ ሥራዋ። የወይንሐረግ ይህን ባየች ቁጥር ትበግናለች።

የሌበር ዴይ ዕለት ፍሬዘር ከሜይን ግዛት ጉዞው ተመልሶ ዘመድ ወዳጁን ምሳ ጠራ። የወይንሐረግ ቤልትዌይ በሚባለው የቀለበት መንገድ በመኪና ብዛት ተይዛ፣ ቀድሞውኑ ተበሳጭታ ደረሰች። ከቤቱ ጀርባ ባለው የእንጨት መድረክ፣ ዴኩ ላይ ትልቅ ድስት ይፈላል። ከበርክ የመጣው ጓደኛው አምሃ ሹካውን ይዞ ተሰይሟል። የፍሬዘር እናት እትዬ ስሂን ግን ወንበራቸውን ከድስቱ አርቀው፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር በረሮ ቤታቸው እንዳያስገቡባቸው ያስጠነቅቃሉ። ቤቱ የልጃቸው መሆኑን ማንም አላስታወሳቸውም።

ፍሬዘር መስሎቹን በገዛ እጁ እንደለቀማቸውና በረዶ በሞላበት ሣጥን ይዟቸው እንደመጣ ካወራ በኋላ የቀረጸውን ቪዲዮ ከፈተ። ባሕር ዳር ቆሟል፤ ከጎኑ ቀይ ሰሌዳ አለ። ለቀማ በመርዝ ምክንያት የተከለከለ መሆኑን የሚናገረውን ጽሑፍ ድምፁን አጉል እያወፈረ ያነበዋል፤ ከዚያ ሰሌዳውን ቸብ ቸብ አድርጎ ወደ ውሃው ይገባል። እንግዶቹ ሳቁ። የወይንሐረግ አልሳቀችም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የባሕር ወሽመጥ ስም ታውቀዋለች። ባለፈው ሳምንት ከዚያው ቦታ የመጣውን ናሙና የለካችው ራሷ ነበረች፤ ቁጥሩን አላመነችውም ነበርና ደግማ ለክታዋለች።

«ፍሬዘር፣ ይኼ አይበላም» አለችው።

«ጀመረች የቀንድ አውጣ ሐኪሟ። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ገብቶበት፣ እንዲህ ፈልቶ የቱ ጀርም ነው የሚተርፈው?»

«ጀርም አይደለም፣ መርዝ ነው። ብታፈላውም ብትጠብሰውም አይጠፋም።»

ፍሬዘር ወደ እንግዶቹ ዞረ። መንግሥት ባሕር የሚዘጋው ለትልልቅ ዓሣ አስጋሪዎች ሲል እንደሆነ፣ ሳይንቲስት የሚባለውም ካላስፈራራ ደመወዝ እንደማያገኝ አስረዳቸው። አምሃ ሳህኑን ዘረጋ። ሰርካለም ወደ እህቷ ጠጋ ብላ ቀኑን እንዳታበላሽ በለሆሳስ ለመነቻት።

የወይንሐረግ ሌላ ክርክር አልጀመረችም። ፎጣ አነሳች፣ ድስቱን በሁለት ጆሮው ያዘች፣ ቆሻሻ ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው። ማንም እንዳያወጣው የዕቃ ሳሙናውን ጠርሙስ ጨምቃ በላዩ አፈሰሰችበት። ከሁሉ ቀድመው የተቆጡት ድስቱን ሲጸየፉ የዋሉት እትዬ ስሂን ነበሩ።

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ። የሰው ምግብ ይደፋል? ያውም በሰው ቤት።»

አምሃ በባዶ ሳህኑ ላይ አዝኖ ተቀመጠ። ሌሎቹም እንደ እብድ አዩዋት። ፍሬዘር ብቻ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ብሎታል። እንግዶቹ ሳይመጡ ጥልቅ ሳህን ሙሉ ቀምሶ ኖሯል፤ ደረቱን መታ መታ አድርጎ «ይኸው፣ ምን ሆንኩ?» አላት።

ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የወይንሐረግ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ስለ ባንክ ወለድ ማውራት ጀመረ። ጥቂት እንደቆየ ከንፈሩን መላስ አበዛ። የጣቶቹን ጫፍ ሱሪው ላይ ያሻል። ቃላቱ ይጎተቱ ጀመር፤ አምሃ ቢራው ነው ብሎ ሳቀ። የወይንሐረግ ቀርባ ከንፈሩ ደንዝዞት እንደሆነ ጠየቀችው። ካደ። ልነሳ ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ ወንበሩን ተደግፎ እያለ እንኳ የድካም ነው አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ትንፋሹ እያጠረ፣ እሷን ትክክል ነሽ ከማለት መታፈኑን የመረጠ ይመስል ነበር።

«ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጊ» አለቻት ሰርካለምን። «አሁኑኑ።»

ሰርካለም ባሏን ቀና ብላ አየች። እጁን አወዛወዘ፤ አትደውዪ ማለቱ ነው። ደወለች።

ሆስፒታል ሲደርሱ የወይንሐረግ የመርዙን ስም፣ ከየት እንደመጣና ፍሬዘር ምን ያህል እንደበላ ለሐኪሟ ነገረቻት። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ መርዙ በሽንት እስኪወጣ ድረስ በማሽን ማስተንፈስ ብቻ ነው መፍትሔው። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገባ። ያ በሠላሳ ጉዳይ ላይ ባንድ ጊዜ ይናገር የነበረ ሰው ጣቱን ማንቀሳቀስ አቃተው። መርዙ ግን ጡንቻን እንጂ አእምሮን አይነካም፤ ፍሬዘር ሁሉን ይሰማ ነበር።

ይህን ለጠያቂዎቹ ነገረቻቸው። አላመኗትም። አምሃ አልጋው ግርጌ ቆሞ፣ ጓደኛው አውቃለሁ ባይነቱ አንድ ቀን እንደሚያጠፋው ድሮም ይታየው እንደነበር አወራ፤ ቪዲዮዎቹንም የሚያየው ለወዳጅነት ብሎ እንጂ ከመጀመሪያው አንስቶ አሰልችተውት እንደነበር ጨመረበት። ሳህኑን ቀድሞ የዘረጋው እሱ መሆኑን ረስቶታል። እትዬ ስሂን በበኩላቸው ልጃቸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የነገሩትን እንደማይሰማ እያለቀሱ ተናገሩ። የወይንሐረግ ድንገት የፍሬዘርን ፊት አየች። መክደን ካልቻለው ዓይኑ እንባ ወደ ጆሮው ይወርዳል።

ሁሉንም ከክፍሉ አስወጣቻቸው። ነርሷን ጠርታ ዓይኑ እንዳይደርቅ ቅባት አስደረገችለት። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሁልጊዜ እኛ ነበርን የምናዳምጥህ» አለችው፤ «ዛሬ ተራው ያንተ ነው። አትሞትም። ማሽኑ ይተነፍስልሃል፣ ኩላሊትህ መርዙን ያስወጣዋል። መጀመሪያ ጣትህ ይመለሳል፤ አፍህ ከሁሉ በኋላ ቢመለስ አልጠላም።»

ንቀቷ አልለቀቃትም፤ ግን እስኪመሽ ድረስ አጠገቡ ሆና ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ለምን እንደጮኸ ትነግረው ነበር። በማግሥቱ ጣቱ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቱቦው ወጣ።

አፉም ተመለሰ። የመዳኑ ምስጋና ግብዣ በዚያው ቤት ተደረገ፤ ፍሬዘርም ከሕመሙ በፊት ከነበረው ይልቅ ተናጋሪ ሆኖ ቆመ። እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ሐኪሞቹን አመሰገነ፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ልብ አይተው እንደማያውቁ የነገሩትን ጠቀሰ። ይህን ያለ ሐኪም የወይንሐረግ አላየችም። መስሎቹም በአፉ ውስጥ ከባሕር ወደ ገበያ ተዛወሩ፤ አንድ ግዴለሽ ነጋዴ የሸጠለት ሆኑ። ቪዲዮው ከስልኩ ጠፍቷል። አምሃ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። የወይንሐረግ ቦርሳዋን አነሳች፤ ከዚህ በላይ መስማት አልፈለገችም።

«ከገበያ አልገዛኸውም።»

የተናገረችው ሰርካለም ነበረች። የእንጀራ ሳህን በእጇ እንደያዘች ቆማለች።

«ከተዘጋ ባሕር ነው የለቀምከው፤ ሰሌዳውንም አንብበሃል። እህቴ ድስቱን ባትደፋው ኖሮ አምሃም እነዚህም ሁሉ ካንተ ጎን ይተኙ ነበር። እኔም ቀኑን አታበላሺብን ብዬ ለምኛታለሁ፤ ስለዚህ እኔም ከጥፋቱ ነጻ አይደለሁም። አንተ ግን አትዋሽ።»

ፍሬዘር ሳቅ ለማለት ሞከረ፤ የሚያግዘው አላገኘም። ትንሽ ቆይቶ ወደ አምሃ ዞሮ ስለ መተንፈሻ ማሽን አሠራር ያስረዳው ጀመር፤ በዚያም ጉዳይ ሊቅ ሆኖ ወጥቷል።

የወይንሐረግ እህቷን ተከትላ ወጥ ቤት ገባች። ለዓመታት የናቀቻትን ሴት ምን እንደምትላት አላወቀችም። ሰርካለም ሳህኑን አስቀምጣ ውሃ ጠጣች።

«እንሂድ ወይ? እኔ ቤት እደሪ» አለቻት የወይንሐረግ።

«የት ነው የምሄደው? ገና አልጨረስኩም» አለች ሰርካለም፤ አፏን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ወደ ሳሎን ተመለሰች።

የወይንሐረግ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገችና ተከተለቻት፤ በደንብ ከሚሰማበት ቦታ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።