የእቴጌ ገንዳ

እቴጌ የሳሙና ፋብሪካውን ጉድ ለማውጣት እሑድ ጠዋትን መረጠች፤ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ቀን ነዋ። ሰውም አላሳፈራትም። የወሽመጡ ዳርቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ የባሕር ወፎች እንኳ ማረፊያ አጥተው አየር ላይ ይንሳፈፉ ነበር። ልጅ ያዘለው፣ ወንበር የተሸከመው፣ ፊቱን ሳይታጠብ የመጣው፣ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ዕድሜ ልኩን ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ የኖረ ከተማ ያን ዕለት ፊቱን መለሰለት።

እቴጌ የሚለው የወላጅ ስሟ አይደለም። የባሕር ሣር ችግኝ የሚፈላበትን ግቢ ኃላፊነት ከተረከበች በኋላ ሰፈርተኛው ያወጣላት ነው። በዓለም ላይ ካሉ ቤተ መንግሥቶች ሁሉ የእሷን ግቢ ያህል ለመግባት የሚያስቸግር አልነበረም። በሩ ላይ በረኪና የተበጠበጠበት ውኃ የሞላ፣ በሬ የሚያሰጥም ገንዳ አለ። የሚገባ ሰው ቦት ጫማውን ነክሮ ይገባል፤ የሚወጣም ነክሮ ይወጣል። ባልዲው፣ ገመዱ፣ አካፋው፣ የመጥለቂያ ልብሱ፣ ሁሉም ሥራ ሲያልቅ እዚያው ይዘፈዘፋል። "ከንቲባው እግሩን ሳይነክር ሊያልፍ ቢሞክር ከነከረባቱ ትዘፈዝፈው ነበር" እያለ ታናሽ ወንድሟ ጠላቂው ያወራባታል።

ይህ ሁሉ እጥበት ያለ ምክንያት አልመጣም። የመጀመሪያው ዓመት ችግኝ ሻጋታ የሚመስል በሽታ ገብቶበት ከነሥሩ በስብሶ አልቋል። በሽታው በቦትና በባልዲ እንደሚዛመት አንድ ባለሙያ አንድ ጊዜ ነገራት፤ እሷ ግን ሺህ ጊዜ የሰማችው ያህል ያዘችው። ከዚያ ወዲህ እጇ ከበረኪና ተለይቶ አያውቅም። ከርቀት ለሰላምታ ስትዘረጋው የሰውየው ሸሚዝ ይነጣል ይባል ነበር።

ሣሩ ደግሞ ለእሷ የጌጥ ጉዳይ አልነበረም። ባሕሩ ዓመት በዓመት ከፍ እያለ፣ ማዕበሉም ጉልበት እየጨመረ፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር የእናቷ ቤት ውስጥ ሳያንኳኳ ይገባል። እናትየው ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ቁም ሣጥኑ ላይ እየሰቀሉ "እንግዳዬ መጣ" ይላሉ። ከተማው ለዚህ ያሰበው መድኃኒት የኮንክሪት ግድግዳ ነው። ግድግዳው የሚያልፈው ግን በትክክል በእናትየው ማድቤት ላይ ስለሆነ፣ ቤቱ ከባሕር የሚድነው ፈርሶ ነው። ሌላው መንገድ ሣሩ ነበር። ከውኃው ሥር እንደ ምንጣፍ ከተነጠፈ የማዕበሉን ጉልበት ይሰብራል፤ አሸዋውንም ይይዛል። ከተማው በግድ በሁለት እግሩ ተጎትቶ፣ "በዚህ ወቅት ሣሩ ከያዘ ግድግዳው ይቀራል፤ ካልያዘ ግን ይሠራል" አለ። የሚወስነው መሐንዲስ የሚመጣው ያን እሑድ ነበር።

ሣሩ ደግሞ እየሞተ ነው። ዳር ዳሩ ለምለም ሆኖ፣ መሀሉ እንደ ሽማግሌ አናት ተመልጧል። እቴጌ ያንን ቦታ የመረጠችው ውኃው ጥርት ያለ ስለሆነ ነበር። ሌላው ወሽመጥ እንደ ጭቃ ሾርባ ሲደፈርስ፣ እዚያ ላይ ከታንኳ ጎንበስ ብሎ የወደቀ መርፌ መልቀም ይቻል ነበር። እንዲህ ባለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሣር ከሞተ ገዳይ አለ ማለት ነው። ገዳዩ ደግሞ ማዶ ተቀምጦ አረፋ የሚተፋው የሳሙና ፋብሪካ መሆኑን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ስለዚህ መሐንዲሱ በፋብሪካው መውረጃ ቀለም አፍስሶ የት እንደሚወጣ ለሰዉ ሁሉ እንዲያሳይ አስማማችው።

"እትዬ" አለ ጠላቂው የልብሱን ዚፕ እየጎተተ፣ "ፋብሪካው ባይሆንስ?"

"ማን ሊሆን ነው ታዲያ፣ ዓሣው?"

"እንዲያው ለነገሩ ነው።"

"ለነገሩ አትበለኝ። ሂድና እግርህን ንከር።"

"ነከርኩ እኮ።"

"ድገመው። ዛሬ ሰው እያየን ነው።"

ደገመው። ከዚያ ወደ ውኃው ገብቶ የተመለጠው ቦታ ላይ ሆኖ፣ ጭንቅላቱን እንደ ጠርሙስ ቡሽ ብቅ ጥልቅ እያደረገ ይጠብቅ ጀመር።

የሳሙና ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነጭ ጫማ አድርጎ መጣ። መንገዱ ጫፍ ሳለ የሳሙና ሽታው ቀድሞት ሰላምታ ሰጠ።

"እመቤቴ፣ በየሱቁ ገዳይ ነው እያሉኝ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሳሙና እየሠሩ ቆሻሻ መባል እንዴት እንደሚያም ቢያውቁት።"

"የሚያመውን አሁን እናየዋለን።"

"እንይ። ግን የእኔ ቱቦ ከተፈተነ የእርስዎም ይፈተን።"

ሰዉ ሳቀ። እቴጌም ከሁሉም በላይ ሳቀች። "የእኔ ገንዳ? በዚህ ከተማ ከእኔ ገንዳ የሚበልጥ ንጹሕ ነገር ካለ አምጡልኝና ልጠጣው።"

"እንግዲያው ምን ያስፈራዎታል?"

"ማን ፈርቶ። ቀዩን ቀለም ለእኔ፣ ቢጫውን ለእሳቸው። እኔ ደመቅ ያለ ነው የምወደው።"

የቀለም ጠርሙሶቹን ይዞ የመጣው መሐንዲስ ቃል በሚዛን የሚሸጥለት ይመስል ቁጥብ ሰው ነበር። "ቀለሙ ማንንም አይጎዳም" ብሎ ብቻ አስረዳ። "መውረጃው ላይ ይፈሳል። የሚወጣበትን እናያለን።"

ቢጫው በፋብሪካው መውረጃ ገባ። ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፍ ቅጠል ሁሉ ቢጫ መስሎ ታየ፤ "ያውና" የሚል ጣት ከየአቅጣጫው ተቀሰረ፤ ግን ምንም የለም። ጠላቂው ብቅ ብሎ እጁን አወዛወዘ፦ ምንም። ፀሐይዋ ተሰላችታ ደመና ውስጥ ገባች። በመጨረሻ የመሐንዲሱ ስልክ ጮኸ።

"ከፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው ነው" አለ። "ቢጫው እነሱ ዘንድ ደርሷል። ሙሉ በሙሉ።"

ማጉረምረሙ እንደ ንብ መንጋ ተነሣ። የእቴጌ ፊት ልውጥ አለ፤ ግን በቀላሉ የምትወድቅ ሴት አልነበረችም።

"ቀን ቀን ጨዋ ሆኖ ማታ ቢለቀውስ?"

"እሱንም እንፈትናለን" አለ መሐንዲሱ። "አሁን ቀዩን።"

ወደ ግቢዋ ስትራመድ ንግሥት ወደ ዙፋኗ የምትወጣ ነበር የምትመስለው። ቀዩን ጠርሙስ ከፍታ ገንዳው ውስጥ ዘረገፈችው። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ሰድዳ፣ በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ እንደምታደርገው የገንዳውን መወተፊያ ነቀለች። ቱቦው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ አዛውንት ተንጎራጉሮ ዋጠው። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ፣ ለሰዉ የምትናገረውን ቀልድ እያሰናዳች ተመለሰች።

ቀልዷን የሚሰማት ሰው አላገኘችም።

ከተማው ከተቆረቆረ ወዲህ እንዲህ ያለ ዝምታ ወርዶበት አያውቅም። ሕፃናት ማልቀስ ተዉ። ወደቡ ላይ የቆሙት መርከቦች እንኳ መንቋቋታቸውን አቆሙ። ከተመለጠው ቦታ መሀል፣ ከአሸዋው ሥር፣ ቀይ ነገር እየተግተለተለ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ክር ቀጠነ፤ ቀጥሎ እንደ ሻሽ ተዘረጋ፤ ከዚያ ያ መስታወት የመሰለ ውኃ በሙሉ ደም መሰለ። ጠላቂው ያለበት እዚያ መሀል ነው። ዳርቻው ላይ የቆሙት እናትየው እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

ጠላቂው ብቅ አለ። ፊቱ፣ መነጽሩ፣ እጁ ቀይ ነው።

"አልቆሰልኩም እማዬ" አለ እየተነፈሰ። "ቱቦ አለ። አሸዋ ውጦት ነው እንጂ ከሥሬ ነው ያለው።"

"የማን ቱቦ?" አለ አንድ ድምፅ ከሰዉ መሀል።

ጠላቂው እህቱን አየ። ውኃውን አየ። ተመልሶ እህቱን አየ።

"የእኛ" አለ።

እቴጌ ክው አለች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር፤ ምድር ግን የእሷን በረኪና ስትውጥ ከርማ ጠግባለች መሰል ዝም አለች።

መሐንዲሱ ወደ ግቢው ጣሪያ ቀና ብሎ አየ። "ይህ ቤት ድሮ ምን ነበር?"

"የዓሣ መጋዘን" አሉ እናትየው።

"የዓሣ እጥበቱ በቀጥታ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር ማለት ነው። መንገዱ ላይ አዲስ የፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ ይህን ከዚያ ጋር ያያያዘው ሰው አልነበረም።"

"ተያይዟል" አለች እቴጌ። ድምፅዋ ከሌላ ሰው ሆድ የወጣ ይመስል ነበር። "ሁሉም ሰው ተያይዟል ነበር የሚለው።" ከዚያም፣ "ውኃው እኮ እዚያ ላይ ንጹሕ ነበር" አለች።

"በረኪና የገባበት ውኃ ንጹሕ ነው። ምንም አይኖርበትም።"

ይህን ሲል ክፋት አልነበረበትም፤ የባሰው ያ ነው። እቴጌ ክንዷን አየችው፤ እስከ ክርኗ ቀልቷል። ሣሩ በታመመ ቁጥር ያደረገችውን ታውቃለች። በሽታው ተመለሰ ብላ በረኪናውን አወፈረችው። መሀሉ ሲመለጥ ጨመረች። ሲሰፋ ደግሞ ጨመረች። እየተከለች ስትገድል፣ እየገደለች ስትተክል፣ በመሀሉ ቆማ ማዶ ባለ ሰው ላይ ጣቷን ስትቀስር ከረመች። ሥራ አስኪያጁ ምን ይለኝ ይሆን ብላ ቀና አለች። ባርኔጣውን አውልቆ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ደረቱ ላይ ይዞታል። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

"ግድግዳውስ?" አሉ እናትየው ከድንጋያቸው ሳይነሡ። ግድግዳውን የሚወደውም የሚጠላውም ያንን መልስ ነበር የሚጠብቀው።

መሐንዲሱ ያን ጊዜ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አደረገ። "የመጣሁት ሣሩ በዚህ ውኃ አይበቅልም ብዬ ልወስን ነበር። አሁን እንደዚያ ማለት አልችልም። ዳር ዳሩ በቅሏል፤ መሀሉ ተገድሎ ነው። እስከሚቀጥለው ወቅት እጠብቃለሁ። ግን በዚህ የዳርቻ ቤቶች ረድፍ ያለ ቱቦ ሁሉ ይታይ። ወደ ባሕር የሚወርደው ሁሉ ይዘጋ። በሩን የማይከፍት አንድ ቤት ካለ ግድግዳውን እሠራለሁ።"

ያን ጊዜ ነው ተአምሩ የታየው። ያ ባሕር ዳርቻውን ያጨናነቀ ሕዝብ፣ ወጥ ጥዶ መምጣቱን በአንድ አፍታ አስታወሰ። ወንበሩ ታጠፈ፤ ጃንጥላው ተከደነ፤ ልጅ በእጁ ተጎተተ። ሲስቅ የነበረው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ የራሱን ማድቤትና የራሱን ሽንት ቤት እያሰበ ተንጠባጥቦ ሄደ። በሮች ከረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ተዘጉ።

እናትየው የእቴጌን ቀይ ክንድ ይዘው ተነሡ። "ቢጫው ተርፏል?"

"ተርፏል" አለ መሐንዲሱ።

"እንግዲያው ከእኔ ጀምሩ።"

"እማዬ ተይ" አለች እቴጌ። "ያንቺኛው ከዋናው መስመር ጋር የተያያዘ ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

እቴጌ አሰበች። ማንም አልነገራትም። ቢጫውን ከመሐንዲሱ ተቀብላ ሰጠቻቸው።

ቢጫውን ያፈሰሱት እናትየው ራሳቸው ናቸው፤ የቁርሱ ሳህን እንደተቆለለ፣ ማድቤታቸው ውስጥ። ከዚያ ተያይዘው በር ላይ ቆሙ። ብዙ አላስጠበቃቸውም። ከደረጃው ሥር፣ በድንጋዮቹ ስንጥቅ፣ ጨረቃ ስትሞላ ያ እንግዳ ውኃ በሚገባበት በዚያው ቀዳዳ፣ ቢጫው ቀስ ብሎ ወጣና ወደ ባሕሩ ተንሸራተተ። ላዩ ላይ የሳህን አረፋ አለበት።

እናትየው ጎንበስ ብለው አዩት።

"እኔ ደግሞ እንግዳ የምለው ባሕሩን ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ለካ መንገዱን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ዝጊው።"

"ሳህኑን የት ልታጥቢ ነው?"

"የሳህኑን በኋላ እናስብበታለን። መጀመሪያ ማድቤቱ ይኑረኝ።"

እቴጌ ወንድሟን ሲሚንቶ እንዲያመጣ ላከችው። እሷ ደረጃው ሥር ተንበርክካ አረፋውን በባዶ እጇ ከስንጥቁ ትጠርግ ጀመር። በረድፉ መሀል አንድ በር ገርበብ አለ፤ የጎረቤት ሴት ጭንቅላት ብቅ ብሎ፣ አይቶ፣ ሳይገባም ሳይወጣም እዚያው ቀረ።

ጠላቂው ሲሚንቶውን በባልዲ ይዞ ከግቢው ሲወጣ ልማድ ሆኖበት ገንዳው ዘንድ ቆመ። ለመንከር አንድ እግሩን አነሣ። ገንዳው ባዶ ነው፤ ታቹ ላይ ቀይ እድፍ ብቻ ቀርቷል። የሚያሳርፍበት ጠፍቶት እግሩን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ እህቱ አየ።

"ዝም ብለህ ና" አለችው።