ወጣገባን ማን እምቢ አለ

«እምቢ አሉት አሉ እኮ! የውጮቹ፣ እነዚያ ጌም የሚሠሩት ካምፓኒዎች፣ ‹ላንተ ዕቃ ጌም አንሰጥም› ብለው ፊት ነሱት። ልቡ የቆመው በዚህ ነው።»

እትዬ ወርቄ ይህን ሲናገሩ ከጠዋት ጀምሮ አምስተኛ ጊዜያቸው ነው። ጎረቤት ናቸው፤ ክፉ ሴትም አይደሉም። ንፍሮውን የቀቀሉት፣ የእድሩን ወንበር አስቆጥረው ያስመጡት እሳቸው ናቸው። ወሬ ግን እሳቸው ዘንድ አያድርም። ለቅሶ ደራሽ ሸራውን ገልጦ በገባ ቁጥር፣ «ያጽናችሁ» ብሎ ሳይጨርስ ጆሮው ሥር ይደርሳሉ።

ዝማሬ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ድንኳኑ ከበሩ ጋር ተያይዞ ነው የተተከለው፤ ሸራ ደግሞ ዝናብ እንጂ ወሬ አያግድም። እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች። ወንድሟ ሉቃስ የተቀበረው ትናንት ነው። ልቡ ከሕፃንነቱ ታማሚ እንደነበረ፣ ሐኪሞች «ሃያ ዓመት አይሞላውም» ብለውት ሃያ ዘጠኝ ሞልቶት እንደሳቀባቸው መካኒሳ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ግን ሁሉም ያንን ረስቶ «ተንቆ ሞተ» ይላል። መሞቱን ጌታ ፈቅዶ ይሆናል፤ መናቁን ግን ማን ፈቀደ?

አጠገቧ አባቷ ጋሽ ላቀው አሉ፤ ከዱቄት ፋብሪካ በሾፌርነት ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸውንም ልጃቸውንም ከዚሁ ቤት የሸኙ ሰው። ወሬውን እንዳልሰሙ፣ ለቅሶ ደራሹን አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ ይቀበላሉ።

ሉቃስ ያን ዕቃ ያሰበው መብራት በሄደበት ቀን ነበር። በጓደኛው በአብደላ ጌም ቤት ቁጭ ብሎ የተሰበረ ጆይስቲክ ሲጠግን፣ ሁለት የታክሲ ሾፌሮች ኳስ ይጫወታሉ። ሁለት ለሁለት ናቸው፤ አንደኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲያነጣጥር ቴሌቪዥኑ ጭልም አለ። በሬ የሚያህል ሰውዬ እንባው መጣ። ሉቃስ እየሳቀ ወደ ቤት ገባና «ዝሚዬ፣ መብራት ሲሄድ ጨዋታው ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ እጅ ላይ ቢቀጥልስ?» አላት።

ስምንት ወር ፈጀበት። ስክሪኑን ከተጣለ ታብሌት፣ ሽፋኑን ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ሠራው። መቆሚያው ላይ ሲያስቀምጡት በቴሌቪዥን ያጫውታል፤ ሲያነሡት እዚያው ካቆመበት እጅ ላይ ይቀጥላል። ከቤት ይወጣል፣ ቤት ይገባል፤ ስለዚህ «ወጣገባ» አለው።

አብደላ ሊሞት ደረሰ በሳቅ። «ስሙ ራሱ ኮረኮንች ነው፤ ማን ይገዛልሃል?»

«መካኒሳ ያደገ ሰው ኮረኮንች ይፈራል እንዴ?» አለው ሉቃስ።

ጨዋታውን የሠራችው ዝማሬ ናት። እናቷ ስትታመም ከአሥረኛ ክፍል ቀርታ፣ ፕሮግራም መጻፍን መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ራሷን ያስተማረች ልጅ ናት። ማንም እንዲያደንቃት አልጠየቀችም፤ ያላደነቀውን ግን አትረሳም። ጨዋታዋ «ረዳት» ይባላል። ከመካኒሳ ለቡ ሰው እየጫኑ፣ ከተሳፋሪ ጋር እየተጨቃጨቁ፣ «ጠጋ በሉ» እያሉ ማድረስ ነው። የሞከረው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ከዚያ ዕቃውን አገላብጦ አይቶ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ኳስ የለውም?»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነበር። ሰው «ጌም ሲኖረው እገዛለሁ» ይላል፤ የውጭው ጌም ሠሪ «ሰው ሲገዛው ጌም እሰጣለሁ» ይላል። ሁለቱ በር ላይ እንደተገናኙ ሽማግሌዎች «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ ቤቱ ባዶውን ይውላል። ሉቃስ አሥራ ሁለት ወጣገባ ሠርቶ ደርድሮ፣ ኢሜይል ማንም አያይልኝም ብሎ፣ ሰው ሲጫወትበት የሚያሳይ ቪዲዮ በፍላሽ እያያዘ ለውጭ ካምፓኒዎች በፖስታ ደብዳቤ መላክ ጀመረ።

«ምን ታለማምጣቸዋለህ?» አለችው ዝማሬ። «ለምነህ ያመጣኸው እንግዳ ወጥህን ያማርራል። ኳሱን እኔ እሠራልሃለሁ።»

«አንቺማ ትሠሪዋለሽ። ግን አንድ ዘመድ ብቻ የመጣበት ሠርግ፣ ሠርግ ይባላል? ከውጭ አንድ ሰው ይምጣልን። አንድ ብቻ።»

ሦስት ወር ጠበቀ። እግሩ እያበጠ፣ ትንፋሹ እያጠረ፣ «ዛሬም የለም» ማለት እንደ ሰላምታ ሆነበት። ሲሞት የመጨረሻ ቃሉ ስለ መልሱ አልነበረም፤ ውኃ ነው የጠየቀው። ይህን ግን ለእትዬ ወርቄ የነገራቸው የለም።

«ፊት ነሱት እኮ፣ አብደላ!» አሉ ከድንኳኑ፣ ለስድስተኛ ጊዜ።

ዝማሬ ተነሣች። ሐዘንተኛ ከፍራሹ ተነሥቶ ድንኳን አይወጣም፤ ሴቶቹ ቀሚሷን ሊይዙ ሞከሩ፣ አልደረሱባትም።

«እትዬ ወርቄ፣ ማነው እምቢ ያለው?»

«ውይ የኔ ልጅ! እኔ ምን አውቄ? ሰው ነው ያለው።»

«ሰው ተሳስቷል። እምቢ ያለው ሉቃስ ነው።»

ዝማሬ ከዚህ በኋላ ያለው ከየት እንደመጣላት አታውቅም። «ጌማችንን እንስጥህ፣ ግን የእህትህን ጌም አውጣው አሉት። እህቴን አስወጥቶ የሚገባ ጨዋታ በአፍንጫዬ ይውጣ ብሎ መለሰላቸው።»

«ወላሂ?» አለ አብደላ፣ የሻይ ብርጭቆው አፉ ላይ እንደቀረ።

«ወላሂማ አንተ በል። እኔ ነገርኩህ።»

ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነው ባይባልም፣ የወንድሟ ድንኳን ውስጥ ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ፍራሿ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ አንገቷ ቀና እንዳለ ነበር።

በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ እትዬ ወርቄ ሥራቸውን በማለዳ ጀመሩ። «እምቢ አላቸው አሉ እኮ! እነዚያን የሚያካክሉ ካምፓኒዎች፣ ይሄ የኛ ልጅ! ለእህቱ ሲል!» ከሰዓት በፊት ወሬው ብስራተ ገብርኤል ደርሶ፣ ሁለት አዳዲስ አገሮች ተጨምረውበት ተመለሰ። መጋቢው እንኳ ሲሰብኩ «ወንድማችን ሉቃስ ያልተሸጠ ሰው ነበር» አሉ። ዝማሬ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት አየች።

ስብከቱ መሐል መብራት ሄደ። ማይክራፎኑ ጸጥ ሲል አብደላ ከቤት አንድ ወጣገባ ይዞ ወጣ፤ ቢጫው ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ትልቅ ሰው፣ የእድሩ ሰብሳቢ፣ ለቡ መብራት ኃይል ሊደርሱ ሲሉ ተሳፋሪው «መልሴን!» ብሎ ቢጮህባቸው ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ማንም አልተቆጣም።

«አሥራ ሁለቱንም ቤቴ አስገባቸዋለሁ» አለ አብደላ፣ ወደ ዝማሬ ጠጋ ብሎ። «ኳስ ባይኖረውስ? የጠየቀኝን ሰው ድንኳን ውስጥ የሰማሁትን እነግረዋለሁ።»

ዝማሬ ራሷን ነቀነቀች። ከሞተ ወዲህ ወንድሟ ቁመቱን ያገኘ መሰላት።

አመሻሹ ላይ የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ ሲፈቱ፣ ጋሽ ላቀው ጠሯት።

«ዝማሬ፣ እስቲ አንድ ነገር አንብቢልኝ።» ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የውጭ ቴምብር ያለበት፣ ያልተከፈተ ፖስታ አወጡ። «በስሜ የመጣ ነው። ድሮ የምነዳለት ያ ፈረንጅ መሐንዲስ መሆን አለበት፤ እጽፍልሃለሁ ብሎኝ ነበር። ሉቃስ ያነብልኛል ብዬ ይዤው፣ እሱ ደግሞ ያን ሰሞን መልስ እየጠበቀ ሐሳቡ ሁሉ እዚያ ነበር። በኔ ጉዳይ ላደክመው አልፈለግኩም።»

ፖስታው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው «አቶ ላቀው» ነው። ዝማሬ ቀደደችው።

ከመሐንዲሱ አይደለም፤ ሉቃስ ከጻፈላቸው ካምፓኒዎች ከአንዱ ነው። ቤታቸው የመንገድ ስምም ቁጥርም ስለሌለው፣ ሉቃስ ደብዳቤዎቹ ላይ ያሰፈረው የአባቱን ፋብሪካ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር። የፈረመው «ሉቃስ ላቀው» ብሎ ነው፤ ፈረንጆቹ ደግሞ እንደ አገራቸው ልማድ ሰውዬውን በኋለኛው ስም ጠሩት። የፋብሪካው ጸሐፊ ደብዳቤውን ለአቶ ላቀው ሰጠች፤ ሉቃስ ሲጠይቃት ደግሞ «በሉቃስ ስም የመጣ የለም» ትለው ነበር። ሁሉም ልክ ነበሩ።

ወጣገባን ወደነዋል፣ ይላል። የኳስ ጌማችንን ልንሰጥህ ወስነናል። «ረዳት» የተባለው ጨዋታ ከሁሉም በላይ አስደስቶናልና፣ ዕቃው ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እሱ እንዲሆን እንጠይቃለን። ውሉን ፈርመህ በስልሳ ቀን ውስጥ ላክልን። መልስ ካላገኘን ግን እምቢ እንዳልከን እንቆጥረዋለን።

በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ሲቆጠር፣ ስልሳው ቀን ያለቀው ሉቃስ ከመሞቱ አንድ ሳምንት በፊት ነው።

«እሱ ነው?» አሉ ጋሽ ላቀው። «ምን ይላል?»

ዝማሬ ከወረቀቱ የምታነብ መሰለች። «እሱ ነው አባዬ። እጅህ የተባረከ ነው ይላል። አብሬህ ብሠራ ደስ ይለኛል ይላል።»

«አላልኳችሁም! አልረሳኝም!» ከሦስት ቀን ወዲህ ፊታቸው ገና አሁን በራ። ሾፌር ሳሉ ታርጋና የመንገድ ምልክት ሲያነቡ የለመዷትን የእንግሊዝኛ ፊደል ሊሞክሯት፣ መነጽራቸውን አድርገው በትከሻዋ በኩል ጎንበስ አሉ።

ዝማሬ አውራ ጣቷን በእንግሊዝኛ ፊደል በተጻፈው «ወጣገባ» ላይ አሳረፈች፤ የአባቷ ዓይን መስመሩን እስኪያልፍ ድረስም አላነሣችውም።